ካሊፎርኒያ ተራራ ላይ በረዶ ካልጣለ ቧንቧው ያጥራል የሚሉት እንዴት ነው? የኛስ ውሃ የት ነው የሚከርመው?

ጣና_ዳር፦
ሰላም የመድረኩ ሰዎች። አንድ ጥያቄ አለኝ፣ የምሬን ነው የምጠይቀው። እህቴ ካሊፎርኒያ ሳክራሜንቶ ነው ምትኖረው፣ ጥር ላይ ስንደዋወል ምን ትለኛለች "ዘንድሮ ተራራው ላይ ስኖው የለም፣ በጋ ላይ ሳር እንዳናጠጣ ሊከለክሉን ነው"። አልገባኝም። ለኔ በረዶ ማለት ጉና ተራራ ስር ያለውን ገብስ በአምስት ደቂቃ አውድሞ ከሰዓት በኋላ ሟሙቶ የሚጠፋ ነገር ነው፣ ሐምሌ ነሐሴ ላይ ለሚጠጣ ውሃ ጥር ላይ የጣለ በረዶ ምን ያገባዋል? እሷ ደሞ መልሳ "እናንተስ ጣናን የሚያክል ውሃ አጠገባችሁ ተኝቶ ቧንቧው ለምን በፈረቃ ነው የሚመጣው" ብላ አፌን ዘጋችው። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ሆነብኝ። ሁለቱንም ሚያውቅ ካለ ያስረዳኝ።

መርከበኛው፦
እህትህን እዚ መድረክ ላይ አስገባልን ከአንተ የተሻለ ትጠይቃለች ሃሃሃ

ሳክራሜንቶ_ነኝ፦
ወንድሜ እህትህ ልክ ናት። እኔም እዚሁ ከተማ ነኝ፣ ስራዬም ከውሃ ጋር ስለሚነካካ ይሄን ወሬ ከታኅሣሥ ጀምሮ ነው ስንሰማ የምንከርመው። መጀመሪያ ማወቅ ያለብህ እዚ ዝናቡና ብርዱ አንድ ላይ ነው ሚመጡት። ከኅዳር ገደማ እስከ መጋቢት ይዘንባል፣ ከዛ በኋላ ጠብ የሚል ነገር የለም፣ በጋው ድርቅ ያለ ነው፣ እርሻው ደሞ ውሃ አብዝቶ የሚጠጣው በዛው በደረቁ ጊዜ ነው። እና ያ ዝናብ ሴራ ኔቫዳ የሚባለው የተራራ ሰንሰለት ላይ ሲደርስ በረዶ ሆኖ ይወርዳል፣ አይፈስም፣ እዛው እየተደራረበ ይከርማል፣ ሚያዝያና ግንቦት ላይ ፀሐይዋ ስትበረታ ቀስ እያለ እየቀለጠ ወንዝ ይገባል። ግድቦቹ ክረምቱን ሙሉ ጎርፍ ቢመጣ እንዲይዙ ተብለው የተወሰነ ቦታ ባዶ አድርገው ነው የሚቆዩት፣ የጎርፉ ስጋት ሲያልፍ ያን ባዶ ቦታ የሚሞላው የቀለጠው በረዶ ነው። የስቴቱ ውሃ 30 ፐርሰንት ገደማ ከዚ ነው የሚገኘው። ማንም ያልሰራው ጎተራ በለው።

አለካኩን ደሞ በዓይኔ አይቻለሁ። ረጅም የአሉሚኒየም ቱቦ ነው፣ አፉ ላይ ጥርስ አለው፣ በረዶው ውስጥ ቀጥ አርገው እያሽከረከሩ መሬት እስኪነካ ይሰኩታል። ሲያወጡት መጀመሪያ የሚያዩት ጫፉ ላይ አፈር አለ ወይ ነው፣ ከሌለ መሬት አልደረሰም ማለት ነው ይደገማል፣ ካለ አፈሩን በቢላ ይጠርጉና ቱቦውን ከነበረዶው ሚዛን ላይ ያንጠለጥሉታል። የቱቦው ክብደት ሲቀነስ የቀረው ስንት ውሃ እንዳለ ይናገራል። ሰው ሁሉ "ስንት ሜትር ጣለ" ነው የሚለው፣ ቁመቱ ግን ያታልላል፣ አዲስ የጣለ 10 ሳንቲም በረዶ ቢቀልጥ 1 ሳንቲም ውሃ ቢወጣው ነው፣ ከርሞ የተጠቀጠቀው ግን ከቁመቱ ግማሽ የሚጠጋ ውሃ ሊኖረው ይችላል።

ዋናው ልኬት ኤፕሪል 1 ነው፣ በረዶው ከፍ የሚልበት ጊዜ ስለሆነ። 2015 ላይ በዛ ቀን ሲለካ ከአማካዩ 5 ፐርሰንት ብቻ ሆኖ ተገኘ፣ ገዥው ጄሪ ብራውን ሌላ ጊዜ በረዶ ተከምሮበት በሚታየው ቦታ ሳር ላይ ቆሞ ነው መግለጫ የሰጠው። ከተሞች የውሃ ፍጆታቸውን በ25 ፐርሰንት እንዲቀንሱ የታዘዘው ያኔ ነው። እህትህ የምትፈራው እሱን ነው።

ዝም_አልልም፦
ቆይ ይሄ ሁሉ ለኛ ምን ይሰራልናል? እኛ በረዶ የለን ምን የለን። ራስ ዳሽን እንኳን በረዶ አይዝም። እዚ ስንት የሚወራ የራሳችን ጉዳይ እያለ ስለ ካሊፎርኒያ ሳር ማጠጣት... ኧረ ተዉን

የጂኦግራፊ_መምህር፦
ዝም_አልልም፣ ለምን እንደማይዝ አስበህ ታውቃለህ? ራስ ዳሽን 4,533 ሜትር ነው፣ ከሴራ ኔቫዳው ትልቁ ተራራ በቁመት ብዙም አይለይም። ልዩነቱ ሁለት ነው። አንደኛ እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ነን፣ በኛ አካባቢ በረዶ ዓመቱን ሙሉ እንዲቆይ ወደ 5,000 ሜትር መጠጋት ያስፈልጋል። ሁለተኛውን ሰው ልብ አይለውም፦ እኛ ጋ ብርዱ ሲመጣ ዝናቡ የለም፣ ዝናቡ ሲመጣ ብርዱ አይበቃም። ውርጩ የሚያቃጥለው ከኅዳር እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ሲል ነው፣ ዝናባችን ከሰኔ እስከ መስከረም ነው፣ ያን ጊዜ ደመናው ሌሊቱን ይሸፍነዋል። ሁለቱ አይገናኙም። ስሜን ላይ አንዳንዴ የሚጥለውም ብዙ ሳይቆይ ይሄዳል።

ደግሞ ጉዳዩ ለኛ ባዕድ እንዳይመስልህ። የጥንት ግሪኮች ዓባይ ግብፅ ውስጥ በነሱ በጋ፣ በኛ ክረምት፣ ለምን እንደሚሞላ ግራ ሲገባቸው አናክሳጎራስ የሚባለው ፈላስፋ በ5ኛው ክፍለ ዘመን ከክርስቶስ ልደት በፊት "ኢትዮጵያ ተራሮች ላይ ያለው በረዶ ሲቀልጥ ነው" ብሎ ነበር። ከነሱው መካከል ደግሞ እንዲህ ያለ ሞቃት አገር ምን በረዶ አለው ብለው የተከራከሩ ነበሩ። የጎርፉ መነሻ የኛ የክረምት ዝናብ ነው።

ታሪክ_ወዳድ፦
መምህር ይቅርታ ልጨምር፣ የአዱሊሱ የድንጋይ ጽሑፍ ላይ የአክሱም ንጉሥ ስሜን ድረስ ሲዘምት ሰው እስከ ጉልበቱ የሚሰምጥበት በረዶ እንዳለ ይናገራል። ኮስማስ የሚባል ነጋዴ ነው በ6ኛው ክፍለ ዘመን ገልብጦ ያቆየልን። ጽሑፉ ዘንድሮ የተጻፈ ቢሆን ኖሮ ዝም_አልልም "ፎቶሾፕ ነው" ይል ነበር

ዝም_አልልም፦
እላለሁ። ግን በረዶ ከሌለን ጥያቄው አለቀ አይደል? ዝናብ ሲመጣ አለን፣ ሲሄድ የለንም።

ፎገሬው፦
አለን የለንም ያልከው ነገር ለኛ ለፎገራ ሰዎች ተረት አይደለም ወንድሜ። ክረምት ላይ ወንዞቹ ርብና ጉማራ ሜዳው ላይ ወጥተው ቤታችን ደጃፍ ድረስ ይመጣሉ፣ ሩዙም የሚያምርልን በዚሁ ነው። ሩዙ ካለቀ በኋላ ሽንኩርት እንተክላለን፣ ሞተር ፓምፕ ወንዙ ዳር ደርድረን ነው፣ እና የካቲት መጋቢት ላይ ወንዙን ብታየው ታፍራለህ። ላይኛው ሰው ከሳበው ለታችኛው ጭቃው ነው የሚቀረው። ማታ ማታ ወንዙ መሃል ጉድጓድ ቆፍረን እስኪጠራቀም ተቀምጠን የምንጠብቅበት ጊዜ አለ፣ ቲዩቡ አየር ስቦ ሞተሩ ሲጮህ እንነሳና እናጠፋለን፣ ደሞ እንጠብቃለን። ታዲያ እኔ ያልገባኝ አባቴ ሲያወራ በሱ ልጅነት ሚያዝያም ቢሆን ወንዙ አይቋረጥም ነበር ይላል። ያኔ ፓምፕ አልነበረም ልበል፣ ግን እሱ ብቻ አይመስለኝም። ይሄ መስከረም ላይ የቆመ ዝናብ እስከ ሚያዝያ የት ነበር የሚቀመጠው?

የፋርጣ_ልጅ፦
ፎገሬው እኔ ልንገርህ የት እንደሚቀመጥ። እኛ ጋ ነው። ርብም ጉማራም የሚነሱት ከጉና ነው፣ እኔ ደሞ ጉና ስር ነው ያደግኩት፣ በግ ስጠብቅ ነው ያደግኩት።

ጥር ላይ ጠዋት ብትወጣ ጅባራው ላይ ውርጩ ነጭ ሆኖ ታየዋለህ፣ ፀሐይ ስትወጣ ይሄዳል፣ እሱ ምንም አይጠቅምህም። የሚጠቅምህ ከስር ያለው ነው። ጓሳው፣ ያ የደጋው ረጅም ሳር፣ ያልተነካበት ቦታ ላይ ስትራመድ መሬቱ እግርህን ዋጥ ያደርገዋል፣ ጥቁር አፈር ነው፣ ስሩ እንደ ጉድ የተጠላለፈ ነው፣ አንድ እፍኝ አንስተህ ስትጨምቀው በጣቶችህ መሃል ውሃ ይንጠባጠባል። ዝናብ ከቆመ ከስንት ወር በኋላ ነው እሱ። ትንሽ ወረድ ስትል ድሮ ጓሳ የነበረና አሁን የድንች ማሳ የሆነ ቦታ አለ፣ ዳገት ነው፣ እዛ አፈሩ ሰኔ ላይ ከጎርፉ ጋር እናንተ ጋ ነው የሚወርደው፣ ጥር ላይ ደርቆ አቧራ ነው። ሁለቱ የአንድ እረኛ ድምፅ የሚያገናኛቸው ቦታዎች ናቸው።

ገብሱም ድንቹም ዓመት በዓመት ወደ ላይ እየወጣ ነው። ሰው ሲበዛ ወዴት ይሂድ? እናንተ ደለል ደለል ትላላችሁ ለኛ እሱ መሬታችን ነው የሄደው።

ጣና_ዳር፦
ቆይ ስለዚ የካሊፎርኒያው በረዶ የሚሰራውን ስራ እኛ ጋ የሚሰራው ጓሳና አፈሩ ነው እያልከኝ ነው?

የጂኦግራፊ_መምህር፦
በትክክል። አፈሩ፣ ጓሳው፣ ረግረጉ፣ ከስር ያለው የተሰነጣጠቀ ጥቁር ድንጋይ ውስጥ የሰረገው ውሃ፣ በመጨረሻም ጣና ራሱ። ግልገል ዓባይ ከሰከላ፣ ርብና ጉማራ ከጉና፣ መገጭ ከጎንደር በኩል እየመጡ ነው ጣናን የሚሞሉት፣ ወንዝ ሆኖ ወደ ሐይቁ ከሚገባው አብዛኛው የነዚህ የአራቱ ነው። ኪሊማንጃሮ ላይም ቢሆን ነገሩ ያው ነው። 5,895 ሜትር ነው፣ በ1912 ከነበረው በረዶ አብዛኛው ጠፍቷል፣ ዓለም ሁሉ ያለቀሰው ለበረዶው ነው፣ ግን ከስር ያለው ገበሬ የሚጠጣው ውሃ በዋናነት የሚመጣው ተራራው ወገብ ላይ ካለው ደን ነው። በረዶው ለፎቶ ያምራል።

መርከበኛው፦
መምህር ጣናም ጎተራ ከሆነ ጎተራው ቀዳዳ ነው በሉኝ፣ ሰኔ ላይ ጀልባችን ድንጋይ ስትነካ እኛ ነን ምንሰማው

የጂኦግራፊ_መምህር፦
ቀዳዳው ከላይ ነው። ሐይቁ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ስለዚህ አንድ ሜትር ከፍ ወይም ዝቅ ሲል 3 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ነው። ሰፊ ነው እንጂ ጥልቅ አይደለም፣ ጥልቁ ቦታ 15 ሜትር ቢሆን ነው። ፀሐዩ በዓመት ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ ያተንነዋል፣ አስላው፣ በዓባይ በኩል ከሚወጣው የማያንስ ውሃ ወደ ሰማይ ይሄዳል ማለት ነው። በረዶ ግን ቀዝቃዛ ቦታ ስለተቀመጠ የሚባክነው ያነሰ ነው፣ በዚህ ካሊፎርኒያዎች ዕድለኞች ናቸው። አፈር ውስጥ ያለ ውሃም ከሐይቅ በተሻለ ከፀሐይ የተጠበቀ ነው፣ ለዚህ ነው ጉና ላይ የቀረው ጣና ላይ ከተኛው ይሻላል የምለው።

መርከበኛው የምትለው ድንጋይ ግን የትነት ብቻ አይደለም። በፈረንጆቹ 1996 ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ጨረጨራ ላይ በር ተሰርቶ በ2001 ተጨምሮበታል፣ ከዚያ ወዲህ ሐይቁ ተፈጥሮ እንዳደረገው ብቻ አይደለም የሚወጣና የሚወርደው። 2003 ላይ ድርቁና የኃይል ማመንጫው ፍላጎት ተደራርበው ጀልባ ማንቀሳቀስ እስኪቸግር ወረደ። ከ2010 ጀምሮ ደግሞ በዋሻ ወደ በለስ ወንዝ ይሄዳል፣ 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ጣና በለስ። ሐይቁ አንድ ነው ጠያቂው ብዙ ነው።

ዝም_አልልም፦
አሁን ወደ ነገሩ መጣችሁ። ችግሩ በሩ ነው እንጂ ጓሳ አይደለም።

የጂኦግራፊ_መምህር፦
በሩ የገባውን ነው የሚከፍል የሚዘጋው። ያልገባ ውሃ የሚያመጣ በር የለም።

ጣና_ዳር፦
የቧንቧውን ነገር ግን ማንም አልመለሰልኝም። ሐይቁ አጠገባችን ነው እኮ

የጂኦግራፊ_መምህር፦
የባህር ዳር ቧንቧችን ከሐይቁ አይደለም ወንድሜ፣ ከምንጭና ከጥልቅ ጉድጓድ ነው። ጣናን ለመጠጣት ማጣሪያ ጣቢያ ትፈልጋለህ፣ የክረምቱን ድፍርስ እስቲ አስበው፣ እምቦጩ ሳይጨመር። ከዛ ፓምፕ፣ ከዛ መብራት፣ ከዛ ከተማው እንደዚህ ሳይሰፋ የተቀበረ መስመር። ለእህትህ እንዲህ በላት፣ ሐይቅ አጠገብ መኖርና ውሃ ማግኘት ለየብቻ ናቸው። ምንጩ ራሱ ደግሞ ዞሮ ዞሮ መሬት የጠጣው ዝናብ ነው።

ሳክራሜንቶ_ነኝ፦
የፋርጣው ልጅ የጻፈውን ሳነብ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። 2021 ላይ ሮኪ ተራሮች ላይ የጣለው በረዶ ከመደበኛው ብዙም አልራቀም ነበር፣ ኮሎራዶ ወንዝ የገባው ውሃ ግን እጅግ ያነሰ ሆነ። ምን በላው ሲባል አፈሩ ነው የጠጣው። ካለፈው ዓመት ደርቆ ስለጠበቀ በረዶው ሲቀልጥ መጀመሪያ የራሱን ጥም ቆረጠ። 40 ሚሊዮን ሰው የሚጠቀምበት ወንዝ ነው፣ በዓመቱ ሌክ ሚድ የሚባለው ትልቁ ግድባቸው በታሪኩ ዝቅተኛው ላይ ወረደ። በረዶ ያላቸውም ሰዎች ከአፈር አያመልጡም ለማለት ነው።

ሌላው ደሞ ሙቀቱ ሲጨምር ድሮ በረዶ ሆኖ ይወርድ የነበረው ዝናብ ሆኖ መውረድ ጀምሯል። ዝናብ ከሆነ አይከርምም፣ ያኔውኑ ይመጣል፣ ግድቡ ለጎርፍ ብሎ ይለቀዋል፣ በጋ ላይ የለም። 2017 ፌብሩዋሪ ላይ ኦሮቪል ግድብ የትርፍ ውሃ ማስተንፈሻው ተቦርቡሮ ከስር ያሉ 188,000 ያህል ሰዎች ቤታቸውን ጥለው ወጥተዋል። አሁን ዝም_አልልም ያልከው "ሲመጣ አለን ሲሄድ የለንም" እዚም እየገባ ነው።

ዝም_አልልም፦
እሺ ሳክራሜንቶ፣ አንቺ አሳመንሽኝ ልበል፣ መምህር ግን ገና ነው

ፎገሬው፦
ስለ ዛፍስ? እዚ ወዲያ መራዊና ሰከላ በኩል ባህር ዛፍ፣ አዊ ደሞ ለከሰል የሚሆን ዲከረንስ ነው የሞላው። ዛፍ ውሃ ያመጣል ሲሉን አልነበር እንዴ

የጂኦግራፊ_መምህር፦
ዛፍ ሁሉ አንድ አይደለም። የተራቆተ ዳገት ላይ ዲከረንስ ተክሎ አፈሩን የያዘ ገበሬ ላይ አልፈርድም፣ ገቢም አግኝቶበታል። ምንጭ አጠገብና ረግረግ ውስጥ ባህር ዛፍ መትከል ግን ምንጩን በገዛ እጅህ መድፈን ነው። ከ3,500 ሜትር በላይ ደግሞ ዛፍ ትከሉ ብሎ ዘመቻ መውጣት ጓሳውን መቆፈር ነው የሚሆነው፣ እዛ አስታ የሚባለው የደጋ ቁጥቋጦና ጓሳው ይበቃሉ፣ ዝም ብሎ መተው ነው ስራው።

የፋርጣ_ልጅ፦
መምህር ያከብርዎት ግን "ዝም ብሎ መተው" ሲሉ ማን ነው ሚተወው? ጉና ላይ የተከለለ ቦታ አለ፣ ጥሩ ነው፣ ምንጮች ሲመለሱ አይተናል። ግን በጓ የምትገባበት ያጣች የኔ አክስት ናት። ውሃው የሚደርሰው ፎገራ ነው፣ ጣና ነው፣ ባህር ዳር ላይ ሪዞርት ቁጭ ብሎ ዓሣ የሚበላው ሰውዬ ነው። እሷ ምን አገኘች? ጓሳውንም እኮ ድሮ ሰው ያለ ጥቅም አልጠበቀውም፣ ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይሆናል፣ በሥርዓት ነበር የሚታጨደው።

ሳክራሜንቶ_ነኝ፦
ይሄ ጥያቄ ሌላ ቦታም ተጠይቋል። ኒውዮርክ ከተማ ውሃው የሚመጣው ራቅ ካለ ካትስኪል የሚባል ተራራ ነው፣ 1997 ላይ ከላይኛው አገር ሰዎች ጋር ተዋዋሉ፣ በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር የሚፈጅ ማጣሪያ ከሚገነቡ ለገበሬዎቹ ከፍለው መሬቱ በአግባቡ እንዲያዝ አደረጉ። ገበሬዎቹ መጀመሪያ ተናደው ነበር፣ "ለእናንተ ሻወር ብለን ከብቶቻችንን እንሽጥ?" ዓይነት ነገር። ከፋዩ ከተማው መሆኑ ሲረጋገጥ ነው የተስማሙት።

ዝም_አልልም፦
እኛ ጋ ማን ይከፍላል? በውሃ ቢል ላይ አምስት ብር ጨምሩ ስትሉ ደሞ ገንዘቡ ደብረ ታቦር ሳይደርስ ይተናል፣ መምህር ያሉት ትነት

መርከበኛው፦
ሃሃሃ በሱ እስማማለሁ

ፎገሬው፦
ብሩን ተዉት። የፋርጣ ልጅ ስማኝ፣ አክስትህ የቸገራት በጋ ላይ መኖ ነው አይደል? እኛ ጋ ሩዝ ሲወቃ ገለባው ተራራ ነው የሚያክለው። የራሳችን ከብት ከበላው የተረፈውን ነጋዴ በርካሽ ይገዛንና ይሄዳል፣ አንዳንዱም ሜዳ ላይ ይበሰብሳል። ርብ ላይ ፓምፕ ያለን ሰዎች ተሰብስበን ገለባ ብናወጣላችሁ፣ እናንተ ደሞ ያንን የላይኛውን ጓሳ እስከ ሰኔ ባታስነኩት?

የፋርጣ_ልጅ፦
ወሬ ነው ወይስ የምርህን ነው?

ፎገሬው፦
የምሬን ነው። መጋቢት ላይ ጉድጓድ ቆፍሬ ውሃ እስኪጠራቀም ቁጭ ከምል ገለባ ብጭን ይሻለኛል።

የፋርጣ_ልጅ፦
በግ የሩዝ ገለባ እንደልቧ አትበላም እሱን እወቅ፣ ለበሬና ለላም ነው ሚሆነው። ግን በሬው ገለባ ካገኘ ከታች ያለው ሳር ለበጎቹ ይተርፋል፣ ስለዚ ይሆናል። መኪናውን ማን ይችላል? ከወረታ ደብረ ታቦር አስፋልት ነው፣ ከዛ በላይ ያለው ነው ሚያስቸግረው።

ፎገሬው፦
እስከ ደብረ ታቦር እኛ፣ ከዛ በላይ እናንተ በአህያ። ኅዳር ላይ ነው ምንወቃው፣ ገለባው በታሰረ ሳይሆን በአይሱዙ ሙሉ ነው የሚቆጠረው፣ አሁን ወረታ ላይ ስንት እንደገባ ጠይቄ ነገ እጽፍልሃለሁ። አንተ ደሞ ስንት ቤት እንደሆናችሁ ቁጥሩን አምጣ።

ጣና_ዳር፦
እኔ አንድ አይሱዙ ያለው ጓደኛ አለኝ፣ ነዳጁን ብቻ ከሞላችሁለት አይከፋም። ሁለታችሁም በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።